የደሞዝ ሚኒስትሩ ሽምግልና

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተቀመጠበት ሁሉ አንዱ የሁለቱን ደሞዝ ያውቃል። ይሄ ሕግ ነው፤ አገር አይለይም፣ ሃይማኖት አይለይም። ቶሮንቶ ሂዱ፣ ስቶክሆልም ሂዱ፣ ጅዳ ሂዱ፤ ጥግ ይዞ ሻዩን እያማሰለ «ለመሆኑ ስንት ይከፍሉሃል?» የሚል ሰው አታጡም። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጋሽ ጸጋዬ ናቸው። የሾማቸው የለም። ከፓርኪንግ ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሁመይራ ሱቅ ውስጥ፣ በሽሮው ከረጢትና በገንዘብ መላኪያው መስኮት መካከል ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው የዓለምን ደሞዝ ያስተዳድራሉ።

ክቡርነታቸው ሰላምታ ላይ ጊዜ አያባክኑም። እኛ «እንደምን ሰነበትክ፣ ልጆች ደህና፣ እናትህ ደህና» እያልን ሩብ ሰዓት ስንፈጅ፣ እሳቸው በሁለተኛው ትንፋሽ ደሞዙ ላይ ደርሰዋል። አንዱን ሙሽራ፣ ሚስቱ ኬክ እያጎረሰችው፣ ከኋላው ሄደው በጆሮው ጠይቀውታል። ልጁ አፉ ሙሉ ስለነበር በጣቱ ነው ያሳያቸው። ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ያለው ሐኪማቸው ደረታቸውን እያዳመጠ «በረዥሙ ይተንፍሱ» ሲላቸው ተነፈሱና፣ «ይሄ ክሊኒክ በሰዓት ነው በዓመት የሚያስብልህ?» አሉት። ኦሊምፒክ መንገድ ላይ ያስቆማቸው ፖሊስ ደግሞ ስለ ኦቨርታይሙ ብሶቱን ሲነግራቸው ቆይቶ ቲኬቱን ሳይጽፍ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ ይባላል። ይህን የሚያወሩት ራሳቸው ስለሆኑ ግማሹን ቀንሳችሁ ስሙት። ለቅሶ ቤት እንኳ ንፍሯቸውን ዘግነው፣ ወደ ጎን ዘንበል ብለው፣ «ነፍሱን ይማረውና፣ ስንት ያገኝ ነበር?» ሲሉ የሰማቸው አለ።

መልሱ ምንም ይሁን ፍርዱ አንድ ነው፤ «ተበልተሃል!»

ከዚያ የተበላህበት ምክንያት ይተነተናል። ሎስ አንጀለስ ነርስ ከሆንክ ኖርዌይ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ጀልባ ነበረህ። ሾፌር ከሆንክ ኳታር ቤትም ነዳጅም በነጻ ነው። አንድ ጊዜ ከዙሪክ የመጣች ሴት ዕቃ ልትገዛ ሁመይራ ሱቅ ገብታ በጋሽ ጸጋዬ እጅ ወደቀች። ስዊዘርላንድን ሲያሞግሱ ስለኖሩ ሱቁ ሁሉ ጆሮውን ቀሰረ፤ ዛሬስ አንዱ ሊያልፍለት ነው ብለን። ደሞዟን ነገረቻቸው። እሳቸው ቆብ አውልቀው፣ ጭንቅላት ነቅንቀው፣ «ተበልተሻል፣ የኔ ልጅ! እዚህ ሎስ አንጀለስ ብትሆኚ ኖሮ…» አሏት። እሷም አዝና ሄደች።

ከደንበኞቻቸው ሁሉ ግን እንደ ሶሊያና ያሠቃዩት ሰው የለም። ሶሊያና ዳውንታውን በሚገኝ ትልቅ ኩባንያ ኤግዝኪዩቲቭ አሲስታንት ናት። እናቷ እትዬ ወሰንየለሽ ለአዲስ አበባ ዘመድ ሲያወሩ «ጸሐፊ ናት» ስለሚሉ፣ ዘመድ ሁሉ ታይፕ ስትመታ ነው የምትታየው። ሥራዋ ሌላ ነው። አለቃዋ ዳያን የት እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር እንደምትገናኝ፣ ምን እንደምትፈርምና ምን እንደማትፈርም የምታውቀው ሶሊያና ናት። ለዳያን ከሆነ አፏ እሳት ነው። ሞልቷል ከተባለ ሆቴል መስኮቱ ወደ ባሕር የሚያይ ክፍል ታወጣለች፤ አየር መንገድን ይቅርታ ታስጠይቃለች። ለራሷ ሲሆን ግን፣ ሬስቶራንት ያላዘዘችው ምግብ ቢመጣላት እሱኑ በልታ፣ ቲፕ ጨምራ የምትወጣ ሰው ናት።

ሶሊያና እዚህ አገር ያደገች ስለሆነች ጋሽ ጸጋዬን «አንተ» ነው የምትላቸው። እኛ እዚህ ስላላደግን በአንቱታችን እንቀጥላለን።

«ዙሪክ ብትሆኚ ኖሮ ይሄኔ ሐይቅ ዳር ቤት ገዝተሻል» ይሏታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቷ እንጀራ ልትገዛ ስትመጣ።

«ጋሼ፣ እዚያ እኮ አራት ቋንቋ ይጠይቃሉ።»

«አማርኛ አለሽ፣ እንግሊዝኛ አለሽ፣ ትግርኛ ትሰሚያለሽ። ስፓኒሹን ከጎረቤት ለቃቅሚ፤ አራት!»

«ዱባይስ?»

«ዱባይማ ቤት ይሰጣሉ፣ ትኬት ይሰጣሉ።»

«ኮንትራቱ ሲያልቅስ?»

«ሲያልቅ ያልቃላ! እዚህስ የማያልቅ አለ?»

ለንደንን አይወዱትም፤ «የሥራ ስምሽን ያረዝሙታል፣ ደሞዝሽን ያሳጥሩታል» ባይ ናቸው። ቶኪዮ አለቃ ሳይወጣ ረዳት አትወጣም፣ አለቃው ደግሞ ከነጭራሹ አይወጣም። አዲስ አበባ ያለች የሚኒስትር ጸሐፊ ደሞዟ የሻይ ነው፤ ሚኒስትሩ ግን ራሱ ቢሮው የሚገባው እሷን አስፈቅዶ ነው። ሶሊያና አንድ ቀን የነገሯትን ሁሉ በስልኳ ሰርች ብታደርገው ግማሹ ስህተት ሆኖ አገኘችው፤ የተረፈው ግማሽ ደግሞ ያረጀ ነበር። ብትነግራቸው «ኢንተርኔቱም ተበልቷል» አሉና ወደ ሻያቸው ዞሩ።

አንዲት ጥያቄያቸው ግን ገብታ ቀረች። «እሺ፣ ደሞዙ ይቅር። ዕድገቱስ? ከአሲስታንት ቀጥሎ ምንድን ነሽ?»

ሶሊያና መልሱን ታውቃለች። ቀጥሎ ያለው ቺፍ ኦፍ ስታፍ ይባላል። የአለቃን ስብሰባ በር ላይ ሆኖ መጠበቅ ቀርቶ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ፣ ሐሳብ መስጠት፣ ዳያን በሌለችበት መወሰን ነው። ያን ወንበር በጣም ትፈልገዋለች። ባልድዊን ሂልስ ካለው ቤቷ ወደ ሥራ ድራይቭ ስታደርግ እንኳ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ታያለች ራሷን። ለማንም ግን አልተናገረችም፤ ለራሷም የምትናገረው በሹክሹክታ ነው።

ታዲያ አንድ ማለዳ ዳያን ጠራቻትና፣ እንዲያው በቡና መሃል፣ «የቺፍ ኦፍ ስታፍ ቦታ ተፈቅዶልኛል፤ አንቺ ብትይዢውስ?» አለቻት።

አሁን እዚህ ላይ ቆም ብለን የሶሊያናን አስተዳደግ ማየት አለብን። እትዬ ወሰንየለሽ ልጃቸውን ያሳደጉት በጥብቅ ደንብ ነው። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይባላል። ሲደገም «ውይ፣ ጠግቤያለሁ» ይባላል። የቤቱ እመቤት «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ስትል ብቻ እጅ ታጥቦ ይቀረባል። በመጀመሪያው ግብዣ እጇን የሰደደች ልጅ ቤት ስትመለስ ጭኗ ላይ ቁንጥጫ ይጠብቃታል። ሶሊያና የእንግሊዝኛ አነጋገሯ የተወላጅ ነው፤ ቁንጥጫው ግን አብሯት አድጓል።

እናም ለዘመናት ያለመችው ወንበር ፊቷ ሲቀርብላት ምን አለች? «ኦ፣ ኖ! እኔ? አይ፣ ያለሁበት ይበቃኛል፤ ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም» አለች። አለችና፣ ቀና ብላ ሁለተኛውን ልመና ጠበቀች።

ዳያን «ኦኬ» አለች። «ግልጽ ስለሆንሽልኝ አመሰግናለሁ።» ቡናዋን ይዛ ወደ ስብሰባ ገባች።

ሶሊያና እስከ ማታ ጠበቀች። በማግስቱ ጠበቀች። ዳያን «በሞቴ» የምትል መሰላት መሰለኝ! ሳምንቱ ሳያልቅ ሥራው ኢንተርኔት ላይ ፖስት ተደረገ። ከዚያ ዳያን በሯን ከፍታ፣ በደህና ፈገግታ፣ «ሰኞ ለሚመጡት አመልካቾች የኢንተርቪው ሰዓት ያዢልኝ» አለቻት። ሶሊያና ያዘች። ራሷ የቆፈረችውን ጉድጓድ በጥሩ ፊደል አስተካክላ፣ ካላንደር ላይ ቀለም ቀብታ አስቀመጠች።

ቅዳሜ ሁመይራ ሱቅ ስትገባ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። ሁመይራ ጓደኛዋ ናትና እንጀራውን አስቀምጣ «ምን ሆንሽ?» ስትላት፣ ሶሊያና ሽሮው ከረጢት ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አወራች።

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ?» አለች ሁመይራ። «ፈረንጅን እምቢ አልሽው? ፈረንጅ እኮ አይደግምም!»

«በቀጥታ እሺ ብል ስግብግብ የምባል መሰለኝ።»

ሱቁ ሁሉ ወደ ጋሽ ጸጋዬ ዞረ፤ የታወቀችውን ቃላቸውን ጠብቀን። እሳቸው ግን አላሏትም። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ስንቴ ለመነችሽ?»

«አንዴ።»

«አንዴ ለምና ተወችው? ያልታደለች ሴት!» አሉ በሐዘን። «ሰው ያልነገራት ናት። ይሄ በሽማግሌ ያልቃል።»

ሶሊያና ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። ቀልድ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው አመልካች፣ ሰማያዊ ሱፍ የለበሰ ወጣት፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሶሊያና ውሃ ልታመጣለት ስትነሳ ሊፍቱ ተከፈተና ሦስት ሽማግሌዎች ወጡ። ፊት ጋሽ ጸጋዬ፣ በሠርግ ሱፋቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው። ከኋላቸው የቤተ ክርስቲያኑ ጋሽ ይስሐቅ። ቀጥሎ ሐጂ አብዱልሰመድ፣ ነጭ ቆባቸውን አጥልቀው። ማን አስገባቸው አትበሉ። ከታች ፓርኪንጉም ሐበሻ ነው፣ የበሩ ጥበቃም ሐበሻ ነው፤ ያንን ነጠላና ያንን ከዘራ አይቶ ማን ደፍሮ ይከለክላል?

«ጋሼ! ምን እያደረግክ ነው?» አለች በታፈነ ድምፅ።

«አንቺን አይመለከትሽም፤ የመጣነው ለእመቤትሽ ነው» አሏት። ያችኑ ደቂቃ ወደ ሰማያዊው ሱፍ ዘንበል ብለው፣ በእንግሊዝኛ፣ «አሁን ያለህበት ስንት ይከፍሉሃል?» ማለታቸውን ሳንጠቅስ አናልፍም። ልማድ ነው።

ዳያን ድምፅ ሰምታ ብቅ አለች። «ሶሊያና፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

ሶሊያና በዚህ ሥራ ያለ ቀጠሮ የመጣን ሰው በፈገግታ መሸኘት የተካነችበት ነው። «ፎቅ ተሳስተው ነው» ቢባል ያልቅ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶም ነበር። ሦስቱን አየቻቸው። ሐጂ አብዱልሰመድ ጫማቸውን እንዴት እንደወለወሉት አየች። ጋሽ ይስሐቅ የታክሲ ተራቸውን ጥለው እንደመጡ ታውቃለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«የኔ ናቸው» አለች።

ዳያን ወደ ቢሮዋ አስገባቻቸውና «ተቀመጡ» አለች። አልተቀመጡም። ድጋሚ አለች። አልተቀመጡም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ ዳያን ከየት ትወቀው? ሰላማዊ ሰልፍ መሰላት መሰለኝ፣ ቀስ ብላ እሷም ቆመች።

ጋሽ ጸጋዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተርጉሚ» አሏት።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ትችል የለ እንዴ?»

«ሽምግልና በእንግሊዝኛ አይሆንም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ በይልኝ።»

ሶሊያና ለዳያን «ሰላም ብለዋል» አለቻት።

«የመጣነው ልጃችንን ይዘን ነው። ይህች ወንበር ስትቀርብላት እምቢ ያለችው ጠልታት አይደለም፤ ጨዋ ስለሆነች ነው። በእኛ ዘንድ የተከበረ ነገር ባንድ ቃል አይነሳም። ሥራውን ትፈልገዋለች። ከልቧ ትፈልገዋለች!»

ሶሊያና ፊቷ ፍም መሰለ። ለዳያን፣ በእንግሊዝኛ፣ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ፣ «እንግዲህ… የቤተሰብ ወዳጆች ናቸው፤ ቦታው ምናልባት ትንሽ ሊታሰብበት የሚገባ እንደሆነ…» አለች።

ከዘራው ወለሉን መታው። «አላልኩም! ‹ምናልባት› አላልኩም፣ ‹ትንሽም› አላልኩም! እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት የኖርኩት ደንቁሬ መሰለሽ? ያልኩትን በይ!»

«ትፈልገዋለች ነው የሚሉት» አለች ሶሊያና ለዳያን፣ ሊሰማ በማይችል ድምፅ።

ሐጂ አብዱልሰመድ እስካሁን ቃል አልተነፈሱም ነበር። ጠጋ አሉና በለሆሳስ «ልጄ፣ እኛ እኮ ሥራ ለራሳችን አልፈለግንም። አንቺው ንገሪያት» አሏት።

 

«ሥራውን እፈልገዋለሁ» አለች ሶሊያና። ቀና አለች። «ዳያን፣ ሥራውን በጣም ነው የምፈልገው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።» ከዚያ ወዲያ ትርጉም ቀረ። ያለፈው በጋ ሁለቱ ክፍሎች ሲጣሉ ያስታረቀቻቸው እሷ መሆኗን ተናገረች። ዳያን የፈረመቻቸው ዕቅዶች ከግማሽ በላይ ተረቅቀው የመጡት ከእሷ ጠረጴዛ መሆኑን ተናገረች። ለሰው ሆቴል ስትሟገት የምትናገርበት ያ እሳት አፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለቤቱ ነደደ። ሽማግሌዎቹ እንግሊዝኛው ፈጠነባቸውና መሃል ላይ ጠፋባቸው፤ ቢሆንም በየመሃሉ «እውነት ነው» እያሉ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ።

ዳያን ግራ ገባት። «ግን እኮ ጠይቄሽ ነበር። አይሆንም አልሽኝ።»

«አንድ ጊዜ ነው የጠየቅሽኝ።»

«ስንት ጊዜ ነው መጠየቅ ያለብኝ?»

«ሦስት» አለች ሶሊያና። ዳያን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። ሦስቱም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እንደ ዳኛ ሆነው አረጋገጡላት።

ዳያን መሳቅ ፈልጋ ነበር፤ የሽማግሌዎቹን ፊት አይታ ተወችው። እጇን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ፣ «ሶሊያና፣ ቺፍ ኦፍ ስታፍ ትሆኚልኛለሽ? ሶሊያና፣ እባክሽን ትሆኚልኛለሽ?» አለች፤ የጎደለውን ሁለቱን ባንድ ላይ ከፍላ።

የሶሊያና አፍ «አይ» ለማለት ተከፍቶ ነበር። እናቷን ውቀሱ። ጋሽ ይስሐቅ በድንጋጤ «በስመአብ!» ሲሉ ተሰሙ።

«እሺ» አለች።

«ደሞዙን በተመለከተ ምን አሰብሽ?»

ሶሊያና ዙሪክ ሐይቅ ዳርም፣ ዱባይም፣ የትም ያልተሰማ ቁጥር ጠራች። ዳያን ዓይኗን አርገበገበች፤ ትንሽ ወረድ ያለ ቁጥር ጠራች። ሶሊያና ከዳያን ቁጥር ትንሽ ከፍ ያለ ጠራች። እዚያ ላይ ተስማሙ። የሰማያዊው ሱፍ ልጅ ደግሞ ባዶ እጁን አልሄደም፤ የሶሊያና ወንበር ሊለቀቅ ስለሆነ ዳያን ለዚያው አነጋገረችው።

«አሁንስ ትቀመጣላችሁ?» አለች ዳያን። ሦስቱም ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹን ልትሸኝ ሶሊያና እስከ ታች ወረደች። ጋሽ ይስሐቅና ሐጂ አብዱልሰመድ መኪናውን ሊያመጡ ሲሄዱ ጋሽ ጸጋዬ የሕንጻው ደጃፍ ካለው የአበባ መደብ ጠርዝ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ። አንስታ ልትሰጣቸው ስትል እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየች።

«ጋሼ! አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም። ፈርቼ ነው።»

«አንተ? ፖሊስ ደሞዙን የምትጠይቅ ሰውዬ?»

«ፖሊሱ እኮ መንገድ ላይ ነበር» አሉ። ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እዚህ ዳውንታውን ስሠራ እነዚህን የመሰሉ ሕንጻዎች ሥር ነው የኖርኩት። መኪናቸውን አቆምኩላቸው፣ አወጣሁላቸው። አንድ ቀን ወደ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሊፍቱ ሲወጣ ይስሐቅ ክንዴን ባይዘኝ ኖሮ እዚያው እመለስ ነበር።»

 ሶሊያና እኚህን አስቸጋሪ፣ ነገረኛ፣ አፈኛ ሽማግሌ ይሄን ያህል እንደምትወዳቸው እስከዛሬ አላወቀችም። አጠገባቸው፣ አፈሩ ላይ ማለት ይቻላል፣ በቢሮ ቀሚሷ ተቀመጠችና እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እወድሃለሁ እኮ፣ ጋሼ» አለቻቸው።

«ተይኝ እስቲ!» አሉ፤ እጃቸውን ግን አልወሰዱም።

ስልኳ ጮኸ። መስታወቱ ላይ የዳያን ስም በራ።

«አለቃሽ ናት!» ብለው ደነገጡ። «አንሺ እንጂ ልጄ፣ ገና ዛሬ እኮ ነው የተሾምሽው!»

«ትጠብቅ» አለች ሶሊያና፤ እጃቸው መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስ ይዛው ቆየች።